ጫጩቱ መጣ፤ መኖውስ?

ያለፈው ዓመት ጥቅምት መግቢያ ላይ ነው። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ በአንድ እጁ ዳቦ፣ በሌላው ጎኑ የተበሳሳ ካርቶን ይዞ ገባ። ከካርቶኑ ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ ልጆቹ ከእኔ ቀድመው ለዩት። አሥር ቄቦች ናቸው፤ የአርባ አምስት ቀን፣ ቡናማ፣ አንገታቸው ገና ላባ ያልሞላ። ለከተማ ግብርና ፈላጊዎች ከሚቀርበው ተመዝግቦ፣ ወራት ጠብቆ፣ ተራው ደርሶት ነው ያገኛቸው። ትንሿ ልጄ ለአሥሩም ስም ሳታወጣ አልተኛችም። ከኩሽናው ጀርባ ያረጀ ቁም ሣጥንና ባዶ ጀሪካን የምናከማችባት ጥግ በሁለት ቀን ውስጥ በቆርቆሮና በሽቦ ታጥራ የዶሮ ቤት ሆነች።

በዚያን ሰሞን አማቴ ዓይናቸውን ለመታከም ከአዊ መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። ወደ ካርቶኑ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ደግ ናቸው። ምን ልታበሏቸው ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ባለቤቴ ሳቀ። «ትርፍራፊ አይጠፋም፣ እማዬ።»

«የትርፍራፊ ዶሮ የምትጥለው የትርፍራፊ እንቁላል ነው» አሉ፤ ሌላ ነገርም አልጨመሩ።

ያን ጊዜ ቀልድ መስሎን ነበር። ዛሬ ግን መንግሥት ለእርሻ፣ ለደንና ለዓሣ ሀብት የሚሰጠውን ድጋፍ በዜና በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ የሚደውለው የአማቴ ጥያቄ ነው።

ስለ ድጋፉ ጥቂት ልበል። የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት አርባ ምንጭ ላይ በይፋ ሲጀመር የአራት ዓመት ዕቅድ ተይዞለት ነበር። ወተት፣ እንቁላል፣ የዶሮ ሥጋ፣ ማር፣ ዓሣና ሥጋ በየቤቱ እንዲበረክት ታስቦ የተጀመረ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ቤት ያደገ ሰው መሆን አለበት። ሌማት ማለት እናቶቻችን እንጀራውንና ዳቦውን የሚያስቀምጡበት ስፌት ነው፤ ሌማቱ ባዶ የሆነ ቤት እንግዳ ሲመጣ እንዴት እንደሚደነግጥ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ትሩፋቱ ደግሞ ከዕለት ፍጆታ አልፎ የሚተርፈው ነው።

ግብርና የአገራችንን ኢኮኖሚ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይሸፍናል፤ አብዛኛው ሕዝባችንም የሚኖረው በእሱ ነው። ያም ሆኖ እኛ ከተሜዎቹ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ በየቀበሌው ስለሚመደቡት የልማት ሠራተኞች የምንሰማው የምሽት ዜና ላይ ነው፤ ሰምተን ወደ ድራማው እናልፋለን። የሌማት ትሩፋት ልዩ የሆነብኝ እኔ ግቢ ድረስ በካርቶን ተይዞ ስለ መጣ ነው። ከዚያ በኋላ ማለፍ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ካርቶኑ ውስጥ ያሉት በየቀኑ ይበላሉ።

የአሥር ዶሮ ሒሳብ

ልጅ ሳለሁ እንቁላል በአንድ ብር ሁለት ሦስት እገዛ ነበር። አሁን ሱቅ ስሄድ ዋጋውን የምጠይቀው በልቤ ተዘጋጅቼ ነው። ስለዚህ ቄቦቹ ሲመጡ ያየሁት ነጻ እንቁላል ነበር። ጠዋት ሰፌድ ይዤ ወጥቼ፣ ስምንት ዘጠኝ እንቁላል ለቅሜ ስገባ።

ሒሳቡን ቁጭ ብለን ስንሠራው ግን እንዲህ ሆነ። አንዲት ቄብ ከአርባ አምስት ቀኗ እስከ መጀመሪያ እንቁላሏ ሦስት ወር ያህል ትበላለች፤ በእነዚህ ወራት ምንም አትሰጥም። ስድስት ኪሎ ገደማ መኖ ትጨርሳለች፤ አሥሩ ከአንድ የሃምሳ ኪሎ ጆንያ በላይ ማለት ነው። መጣል ከጀመረች በኋላ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ያስፈልጋታል። አሥር ሲሆኑ በወር 35 ኪሎ ያህል ነው። በደኅናው ቀን ስምንት እንቁላል ቢገኝ፣ ከእያንዳንዷ እንቁላል በስተጀርባ ከ140 ግራም ያላነሰ መኖ አለ። ዶሮ በማርባት ሥራ ከጠቅላላው ወጪ 60 እስከ 70 ከመቶ የሚሆነው መኖ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

«ታዲያ የድሮዎቹ ዶሮዎች ማን መኖ ገዛላቸው?» የሚል አይጠፋም፤ ባለቤቴም ይህንኑ ብሏል። የድሮዋ ዶሮ በግቢ ጭራ፣ እህል ለቅማ፣ ከጭልፊት ራሷን አስጥላ፣ ራሷ ታቅፋ በ21 ቀን ፈልፍላ ታሳድጋለች። በዓመት ግን የምትሰጠው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። ለእንቁላል የተዳቀሉት ዝርያዎች በጥሩ አያያዝ ከ280 እስከ 300 ይጥላሉ። ይህ ሁሉ ልዩነት በዝርያው ብቻ የመጣ አይደለም። የተዳቀለችውን ዶሮ አምጥተው እንደ አበሻ ዶሮ ቢለቋት የአበሻዋን ያህልም አትጥልም፤ ጭራ መብላትም፣ ከድመት መሸሽም አታውቅበትም። እኛ ቤት ያሉት ድመት ሲያዩ ለመተዋወቅ ይቀርባሉ።

መኖው ከምን ይሠራል? በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና በጥቂቱ የሚጨመር የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል። በቆሎውን እኛም እንበላዋለን፤ አኩሪ አተሩን የዘይትና የምግብ ፋብሪካዎች፣ የውጭ ገበያውም ይፈልጉታል። ቅልቅሉ በአብዛኛው በዶላር የሚመጣ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የዶላር ነገር የት እንደደረሰ ማናችንም እናውቃለን። ዶሮዋ የግቢያችን ናት፤ ጉሮሮዋ ግን ከገበያው ጋር የተያያዘ ነው።

ሁለተኛውን ጆንያ ስንገዛ ርካሽ ፈለግን። ከተለመደው ቦታ ትተን ሌላ ሻጭ ዘንድ ሄድን፤ በጆንያ ላይ ያገኘነው ቅናሽ አስደስቶን ተመለስን። አማቴ ጆንያው ሲፈታ እፍኝ አንስተው አሸተቱ።

«ይሄ ታፍኗል፣ ልጄ። ለከብትም አይሰጥ» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ሰማኋቸው፣ ግን ገንዘቡ ወጥቶ ነበር። «ፀሐይ ቢመታው ይሻለዋል» ብዬ አሰጣሁት። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ቄቦች በአራት ቀን ልዩነት ሞቱ። ያማከርነው የእንስሳት ሐኪም መኖውም ሊሆን ይችላል፣ በሽታም ሊሆን ይችላል፤ ሳይመረመር ይህ ነው አልልም አለን፤ ሐቀኛ ሰው ነው። ከሞቱት አንዷ ልጄ በአስተማሪዋ ስም የሰየመቻት ነበረች። ያን ማታ ራት ላይ የነበረውን ለቅሶ አልረሳውም።

የታፈነ መኖ የዶሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። እናቶች ታስታውሱ ይሆናል፤ በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በተሰበሰበ ወተት ውስጥ ይኸው መርዝ መገኘቱን ጥናት አሳየ ተብሎ ብዙ ቤት ወተት መግዛት አቁሞ ነበር። ምንጩ ላሞቹ የበሉት መኖ፣ በተለይ የኑግ ፋጉሎው ነበር። ፋጉሎ በእርጥብ ቦታ ሲከማች ይሻግታል፤ ላሟ ትበላዋለች፤ መርዙ በወተቷ አልፎ የልጃችን ጡጦ ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ የመኖ ጥራት መቆጣጠር የሩቅ ገጠር ጉዳይ ሆኖ አይታየኝ፤ የኩሽናዬ ጉዳይ ነው።

መንግሥት ይህን አያውቅም ማለት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች፣ የመስኖና የእንስሳት መኖ ማቀነባበሪያ ዕቃዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ ተፈቅዷል። በዚያው ዓመት የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ፣ ቁጥር 1147/2011፣ ላምና በሬ፣ የእርሻ ምርትም ለብድር መያዣ እንዲሆኑ መንገድ ከፍቷል። መሬቱን ማስያዝ ለማይችል አርሶ አደር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የፈንግል ክትባት እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ከውጭ አንለምነውም። መሠረቱ አለ።

ጎደለ የምለው ሌላ ነው። ስለ ልማት የሚወጡትን ዜናዎች ልብ ብላችሁ አድምጡ። ግሶቹ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ተሰራጨ፣ ተሰጠ፣ ተተከለ፣ ተመረቀ። ሁሉም በአንድ ቀን የሚያልቁ ሥራዎች ናቸው። ካሜራ ይዞ ሄዶ የሚቀረጽ ነገር አላቸው። «እስካሁን በላ»፣ «ከዓመት በኋላም አለ» የሚል ዜና ሰምቼ አላውቅም። ያ በየቀኑ የሚሠራ፣ ፎቶ የማያምርበት ሥራ ነው፤ ሌማቱን የሚሞላው ግን እሱ ነው። የእኛ አሥር ቄቦች በሆነ መዝገብ ላይ አሁንም አሥር ናቸው። ስምንት መሆናቸውን የጠየቀን የለም።

ዶሮ አትጾምም

የመጀመሪያዋ እንቁላል የተገኘችው ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ትንሽ፣ ሞላላ፣ አንድ ጫፏ ደም የነካት። ልጄ በሁለት እጇ ይዛ ገባች፤ ማንም እንዲበላት አልፈቀደችም፤ ሦስት ቀን መስኮት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም አከታትለው መጣል ጀመሩና በየካቲት ስድስትና ሰባት እንለቅም ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ።

ይህን ያላሰብኩት እኔ ብቻ ልሆን አልችልም። እንቁላሉ በተትረፈረፈበት ሰዓት ከልጆቹ በቀር የሚበላው ጠፋ። ጎረቤትም ጾመኛ፣ ሱቁም አይፈልግ። ዶሮ ግን አትጾምም፤ በየቀኑ ያችን ኪሎዋን ትፈልጋለች። ለእኛ ይህ የሚያስቅ ነው፤ ሺህ ዶሮ ይዞ ብድር ላለበት ወጣት ግን ሁለት ወር ሙሉ ሰው የማይገዛውን ምርት መመገብ ማለት ነው። እንቁላል ቀዝቃዛ ቦታ ቢገኝለት ሳምንታት ይቆያል። ማቀዝቀዣ ያለው መጋዘን ወይም እንቁላሉን ወደ ዱቄት የሚለውጥ ፋብሪካ ቢኖር የጾሙ ወራት እንዲህ አያስፈሩም ነበር። ጫጩት ከማደል በላይ ድጋፍ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በጾም የሚፈለገው ዓሣ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤቱ እተወዋለሁ፤ እኛ ቤት እንኳ ሁለት ወገን ነን። በበጋው የትምህርት ቤት ዕረፍት ሐዋሳ ሄደን ስለነበር ስለ ዓሣም የማወራው አለኝ።

አሞራ ገደል የሄደ ሁሉ ያውቃታል። ማለዳ ጀልባዎቹ ይገባሉ፣ መረቡ ይራገፋል፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው አንጀቱን ይጠብቃሉ። ልጆች ቆሮሶውን በሚገርም ፍጥነት ይገፉታል። ወንድ ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አንዱን በዕድሜ እኩያው የሚሆን ልጅ ዓሣ ሲልጥ ቆሞ ሲያይ ቆየና «እሱ ትምህርት ቤቱ መቼ ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

አንድ ነገር እዚያ ተማርኩ። ከአንድ ቆሮሶ ላይ አጥንቱ ወጥቶ የሚገኘው ፊሌቶ የክብደቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የፊሌቶ ዋጋ ሲጠራ «ዘረፋ ነው» ማለት ትቻለሁ። ሦስት ኪሎ ዓሣ ተይዞ፣ ተጭኖ፣ አንድ ኪሎ ነው የሚደርሰን። ሲገዙ ዓይኑ ያበራ፣ ጉሮሮው ውስጡ ቀይ የሆነ፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣውን ይምረጡ። ፊሌቶ ከሆነ ደግሞ አፍንጫዎን ይመኑ፤ ትኩስ ዓሣ ሐይቅ ሐይቅ ይላል እንጂ አይከረፋም።

የዓሣ ሀብታችን የታወቀ ነው፤ ባሕር ባይኖረንም ጣና፣ ዝዋይ፣ አባያ፣ ጫሞ፣ ሐዋሳ አሉን። አሁን ደግሞ የህዳሴ ግድብ የፈጠረው ንጋት ሐይቅ ተጨምሮ፣ እዚያም ማስገር ተጀምሯል። የመንግሥት ድጋፍ እዚህም በአብዛኛው በጀልባና በመረብ ይገለጻል፤ ወጣቶች በማኅበር ይደራጃሉ፣ መሣሪያ ይሰጣቸዋል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ዓሣ በሙቀት አገር በሰዓታት ውስጥ የሚበላሽ ነገር ነው። ባለሙያዎች ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ይሉናል። ከጉባ ቆላ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ አስቡትና በረዶው የት ተሠርቶ፣ በምን መብራት፣ በምን መኪና እንደሚሄድ ጠይቁ። የበረዶ ማምረቻ ከመረብ ይልቅ የሚያስፈልግባቸው ቦታዎች ብዙ ይመስሉኛል፤ በዜና ላይ ግን ከጀልባ ምረቃ ጋር አይወዳደርም።

መረብ ማብዛት ደግሞ ጉዳትም አለው። የጫሞ ናይል ፐርች የሚገኘው መጠን እየቀነሰ መምጣቱ ሲነገር ኖሯል፤ ዋናው ምክንያት ከመጠን በላይ ማስገር ነው። ጣና ላይ ደግሞ ከሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ነጫጭ ዓሣዎች አሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ያንን የሚያውቅ አስጋሪ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል፤ እናቲቱን ከነእንቁላሏ ይይዛታል። በዚያ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን የወረረው እንቦጭ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥር 315/1995፣ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ መረብና ወቅት የሚቆጣጠርበት ሕግ አለ ማለት ነው። ሐይቁ ዳር ቆሞ የመረቡን ቀዳዳ የሚለካው ሰው ግን ደመወዝ፣ ጀልባና ነዳጅ ይፈልጋል። እሱም ድጋፍ ነው፤ ለዓሣው የሚሰጥ ድጋፍ።

ኩሬ ቆፍሮ ማርባትስ? ይቻላል። ሰበታ ያለው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የቆሮሶ ጫጩት ያራባል። በሞቃት አካባቢ በስድስትና በስምንት ወር ለገበታ ይደርሳል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ግቢያችን ላይ ሲዞር አየሁት። «ዓሣውስ ምን ይበላል?» አልኩት፤ አማቴን መስዬ። ፉርሽካና ፋጉሎ ነው። የዶሮዎቹን ጆንያ ማለት ነው።

ከሰሉ ከየት መጣ?

አማቴ ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት በነበረው እሑድ ቡና አፈላሁ። ከሰሉ ላይ ጎንበስ ብለው እያራገቡ አንዱን አንስተው አገላበጡት። «ይሄ የእኛ አገር ዲከረንስ ነው» አሉ።

ተከራከርኳቸው፤ ከጉሊት የገዛሁት ነው። እሳቸው ግን አዲስ አበባ የሚመጣው ከሰል አንድ ክፍል ከየት እንደሚጫን ያውቃሉ። በአዊ፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው በመሬቱ ላይ አካሺያ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራል፤ በቀጣዩ ሣሩን ለከብት ያጭዳል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉን ቆርጦ ያከስላል፤ መሬቱን መልሶ ጤፍ ይዘራበታል። አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ያለው መሬት በዚህ ዘዴ ተመልሶ ማብቀል ጀመረ። ወረዳው ከብዙ የአገራችን ክፍል በተቃራኒ በዛፍ ሽፋን ጨምሯል። ይህ በዘመቻ የመጣ አይደለም። ገበሬው የሚተክለው ለሪፖርት ሳይሆን ለልጁ የትምህርት ቤት ወጪ ስለነበር ችግኙ እንዳይሞት ሌሊትም ይጠብቀዋል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ዛፉ በዝገት በሽታ ተመታ። ቅጠሉ ይቆስላል፣ ይደርቃል። አማቴ የራሳቸውን እርሻ ሲያወሩ «እንደ ሰው ታሞ ቆሞ አየሁት» ነው ያሉኝ። የመንግሥት እጅ የሚፈለገው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ገበሬው መትከልን ራሱ ችሎታል። በሽታ የሚቋቋም ዝርያ መመርመር፣ ሌላ አማራጭ ዛፍ መፈተሽ ግን በአንድ ሰው ማሳ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አዲስ አበባን በማገዶ ያቆማት ባሕር ዛፍም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ስሙም ይህንኑ ይናገራል። እንግዳ ዛፍ አምጥቶ ማላመድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

አረንጓዴ አሻራን ሳላነሣ ብቀር ይቅር አትሉኝም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ዘመቻ በሐምሌ 22 ቀን 2011 ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሏል፤ በሐምሌ 10 ቀን 2015 ደግሞ ከ560 ሚሊዮን በላይ። ቁጥሩ ላይ የሚከራከሩ አሉ፤ እኔ የምከራከረው በቁጥሩ አይደለም። ክረምት ሲገባ ልጆቼ ቦት ጫማ አድርገው ሲወጡ ደስ ይለኛል፤ ችግኝ መትከል የእኛ ትውልድ በልጅነቱ ያላገኘው ልማድ ነው። ሕጉም ተሻሽሏል። የ2010ሩ የደን አዋጅ፣ ቁጥር 1065/2010፣ የግለሰብን፣ የማኅበርንና የማኅበረሰብን የደን ባለቤትነት በግልጽ አስቀምጧል። ከተተከለ በኋላ ባለቤት ያለው ዛፍና ባለቤት የሌለው ዛፍ ዕድላቸው አንድ አይደለም።

ልጄ በሐምሌ ከትምህርት ቤቷ ጋር የተከለችውን ወይራ ታኅሣሥ ላይ ካላየሁ አለች። ቅዳሜ ወሰድኳት። ኮረብታው ላይ ደርሰን ቦታውን ስንፈልግ ብዙ ቆየን። ከተተከሉት ውስጥ የቆሙ ነበሩ፣ የደረቁም ነበሩ፣ ፍየል የበላቸውም ነበሩ። የእሷ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አልቻልንም። ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ነበርና «የእኔ ይህ ነው» ብላ አንዱን፣ ሁለት ቅጠል የቀረውን፣ መርጣ አጠጣችው። አንድ ጥበቃ ከሩቅ አይቶን መጣ። «እህቴ፣ እሱን ተዪው፤ ያኛውን አጠጪው፤ እሱ ይተርፋል» አለኝ። ብቻውን ያን ሁሉ ኮረብታ ይጠብቃል። ውኃ የሚያመላልስ አህያ ቢኖረው ስንቱን እንደሚያተርፍ በዚያች አሥር ደቂቃ ዘርዝሮ ነገረኝ።

ዶሮ ለመጀመር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከእኛ ስህተት እንዲህ ውሰዱ። ከአሥር አትብለጡ፤ ከአምስት ብትጀምሩ ደግሞ የተሻለ ነው። ቄቦቹን ከመቀበላችሁ በፊት የሦስት ወሩን መኖ ገንዘብ አስቀምጡ፤ እንቁላል መኖ መግዛት የምትጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። መኖውን በትንሹ ግዙ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደረቅ ቦታ አኑሩት፣ ከመስጠታችሁ በፊት አሽትቱት። የፈንግል ክትባት መቼ መቼ እንደሚደገም ሲሰጧችሁ ጠይቁና ቀኑን ማቀዝቀዣችሁ በር ላይ ለጥፉት። የጎረቤትን ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ እኛ ከጎረቤታችን ጋር የታረቅነው በፋሲካ ዋዜማ በላክንላቸው ሠላሳ እንቁላል ነው።

አማቴ ከአገራቸው በየሁለት ሳምንቱ ይደውላሉ። ዓይናቸው ድኗል። የልጆቹን ጤና ይጠይቃሉ፣ የባለቤቴን ሥራ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ወደ ዶሮዎቹ ይመጣሉ።

«እንዴት ናቸው?»

«ስምንቱም ደኅና ናቸው፣ እማማ። ትናንት ሰባት ጣሉ።»

«የሚበሉትስ?»

«ግማሽ ጆንያ አለ።»

«ክረምት እየገባ ነው» አሉኝ ባለፈው። «ከፍ አድርጊው፤ መሬቱ እርጥበት ይስባል።»

ስልኩን ዘግቼ ወጣሁና ከጆንያው ሥር ሁለት ጡብ ጨመርኩ።